ከአፈሙዝ የሚጎርሰውን ጠመንጃ በምን ልወልውለው?

ጥያቄ፦ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ አለኝ። ተኩሼ ስመለስ ወዲያው በማሽን ዘይት ወልውዬ ሰቀልኩት። በሳምንቱ ዘንግ ብሰድበት ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገርና ቀይ ዝገት ይዞ ወጣ። ዘይቱ አንሶት ነው? ቤት ውስጥ ባለ ነገርስ ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ ዘይቱ አላነሰም፤ ያለተራው ገባ እንጂ። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ አብዛኛውም የፖታሲየም ጨው ነው። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን ንክች አይልም። ዘይት ሲቀባበት ከጥላሸቱ ጋር ይላቆጣል፤ ከሥሩ የቀረው እርጥበት ደግሞ ብረቱን ይበላዋል።

ከሁሉ በፊት አለመጉረሱን ያረጋግጡ። ካፕ (መምቻው ሲመታው እሳት የሚጭረው ትንሽ ቆብ) ካለበት ያንሱ። ዘንጉን እስኪቆም ሰደው አፈሙዙ ጋ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ አውጥተው ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክለው ከውጭ በቱቦው ጎን ያስተኙት። ጫፉ እሳት የሚገባበት ቀዳዳ አካባቢ ካልደረሰ ውስጡ የቀረ ነገር አለ፤ ባለሙያ ሳያወጣው አይንኩት።

በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ። ቱቦው ከሰደፉ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ካፕ የሚቀመጥባትን ኒፕል ፈትተው የኋላ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ይንከሩ። ዘንጉ ላይ ከአሮጌ ካናቴራ የተቀደደ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ቢያመላልሱ፣ ቱቦው በቀዳዳው ውሃ እየሳበ መልሶ ይተፋል። የገማ እንቁላል ቢሸትዎ አይደንግጡ፤ ድኙ ነው። የማይላቀቅ ከሆነ ቀዳዳውን በስንጥር ወትፈው በአፈሙዙ ውሃ ይሙሉ፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ይድፉ፣ ይደጋግሙ። የእርስዎ ሬንጅ ግን በአንድ ዙር አይለቅም። አልኮል በነካ ጨርቅ አላልተው ወደ ሳሙናው ይመለሱ።

የፈላ ውሃ ቱቦውን ቶሎ ያደርቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን የጋለ ብረት ላይ የቀረች ስስ እርጥበት በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ታወጣለች። ለብ ያለው ይበቃል።

ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ በንጹህ ውሃ ያለቅልቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ያድርቁ፣ መጨረሻ ላይ አልኮል የነካ ጨርቅ ይስደዱ። ኒፕሏን በመርፌ ይክፈቱ፤ መምቻውን በጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉ። ያ የማሽን ዘይት ተራው አሁን ነው፤ ስስ አድርገው ይቀቡት። የወይራ ዘይት ለተኩስ ቀን ይሆናል፤ ለወራት ለሚሰቀል ግን እየቆየ ስለሚጣበቅ ይቅር። በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ይስደዱበት፤ ቡኒ ይዞ ከወጣ ጨው ቀርቷልና ከውሃው ይጀምሩ። ዳግም ከመተኮስዎ በፊትም ዘይቱን በአልኮል ይጥረጉት፤ ባሩዱን ያረጥበዋል።

ጥያቄ፦ በረኪና፣ ኮምጣጤ ወይም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድስ?

መልስ፦ በረኪና በፍጹም። ብረት ይበላል፤ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ኮምጣጤ የብረቱን ጥቁር ቀለም ይገፋል። 3 በመቶውን ፐርኦክሳይድ ከአልኮልና ከፈሳሽ ሳሙና ጋር እኩል ቀላቅለው የሚጠቀሙ አሉ። ጥላሸቱን በደንብ ያስለቅቃል፤ ወዲያው ካልታጠበ ግን ራሱ ያዝጋል። ውሃና ሳሙና ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።