የቴሌኮም ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ደንበኛው ምን ይጠብቀዋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለት ኦፕሬተሮች ሲዋሃዱ ዋጋ ወዲያው ይጨምራል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይጨምርም፤ ፈቃድ ለማግኘት ሲሉ ዋጋ ላለመንካት ቃል ይገባሉና። ቃሉ ግን ቀነ ገደብ አለው። አሜሪካ ውስጥ ቲ-ሞባይል እ.ኤ.አ. በ2020 ስፕሪንትን ሲጠቀልል የገባው ቃል ለ3 ዓመት ነበር። ስለዚህ አራተኛውን ዓመት በዓይነ ቁራኛ ይጠብቁ። እስከዚያም ቢሆን አሮጌው ፓኬጅ ለአዲስ ደንበኛ ሊዘጋ ይችላል፤ እንዲህ ዓይነቱን አንዴ ከለቀቁት አያገኙትም።

ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪዎች ገበያው መጥበቡን በምን ይለኩታል?

መልስ፦ የእያንዳንዱን ኩባንያ የገበያ ድርሻ በራሱ አባዝተው ይደምራሉ። ድርሻቸው 35፣ 30፣ 20 እና 15 በመቶ ቢሆን፣ 1225፣ 900፣ 400 እና 225 ተደምሮ 2750 ይሆናል። ሁለቱ ትንንሾች ሲዋሃዱ 3350 ይደርሳል፤ ጭማሪው 600 ነው። በአሜሪካ የ2023 መመሪያ ድምሩ ከ1800፣ ጭማሪው ደግሞ ከ100 ካለፈ ውህደቱ ውድድርን እንደሚጎዳ ይገመታል።

ትንንሾቹን አይናቁ፤ ዋጋ የሚሰብሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ሌላው የአሜሪካ ኦፕሬተር ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ቲ-ሞባይልን በ39 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲል መንግሥት ከሰሰ፤ ግዢውም ቀረ። ለብቻው የቀረው ቲ-ሞባይል በ2013 ደንበኛን ለ2 ዓመት የሚያስረውን ውል አስቀረ።

ጥያቄ፦ ጥቅም የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አለው። ቲ-ሞባይል ከስፕሪንት ያገኘው የ2.5 ጊጋኸርዝ ሞገድ 5ጂውን በእጅጉ አፍጥኖለታል።

ጥያቄ፦ ስልኬ አሮጌ ነው፤ ይሠራልኛል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከተዋሃዱ በኋላ ከሁለቱ ኔትወርኮች አንዱ ይዘጋል፤ የስፕሪንት 3ጂ በ2022 ተዘግቷል። በ4ጂ ላይ ድምፅ የማያስተላልፍ ስልክ ያኔ ኢንተርኔቱ እየሠራ መደወል ያቅተዋል። አሁኑኑ ይሞክሩት፦ ዋይፋይ ያጥፉ፣ ይደውሉ፣ ጥሪው እንደተያዘ የስክሪኑን አናት ይመልከቱ። 4ጂ የነበረው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ከወረደ፣ በ4ጂ የመደወያው ቅንብር መብራቱን ያረጋግጡ። በርቶም ከወረደ ስልኩ ባይችል ወይም ኦፕሬተሩ ለዚያ ሞዴል ባይፈቅድ ነውና *#06# ደውለው የሚወጣውን የአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥር ይዘው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቁጥሬን ይዤ ልልቀቅ ብልስ?

መልስ፦ ቁጥር ማዛወር በሚፈቀድበት አገር ይቻላል። መጀመሪያ ስልኩ ለአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈ ከሆነ ያስከፍቱት፤ የቀረ የስልክ ክፍያ ካለም ይጠይቁ፣ ሲወጡ ባንድ ጊዜ ሊጠየቁ ይችላሉና። አሮጌውን መስመር ግን በራስዎ አያዘጉ። ዝውውሩን አዲሱ ኦፕሬተር ይጀምረው፤ ቀድሞ የተዘጋ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አይዛወርም።