ለ12 ቄቦች የትኛው መመገቢያና መጠጫ ይሻላል ላልሽው

እህቴ፣ «ለ12 ቄብ ምን ዓይነት መመገቢያና መጠጫ ልግዛ? ትልቁ አይሻልም ወይ?» ያልሽውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም የጀመርኩት በ12 ነው። እኔም ትልቁን ነው የገዛሁት።

1. መመገቢያው። ጠርዙ ከዶሮዎቹ ጀርባ ጋር እኩል ይሁን። መሬት ላይ ካስቀመጥሽው ገብተው ይጭሩበታል፣ ይኮሱበታል። ረጅም ገንዳ ከሆነ ለአንዷ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቢ። ደግሞ እስከ አፉ አትሙይው፣ ሲሶው ይበቃል። እኔ ጢም አድርጌ ነበር የምሞላው። በማግስቱ ባዶውን ሳገኘው «በላተኞች ናቸው» እያልኩ እኮራ ነበር። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን የምትበላው 120 ግራም አካባቢ ነው። ሒሳቡን ስሠራው ለካ የቀረውን በምንቃራቸው እየጠረጉ ሲደፉት አይጥ እየቀለብኩ ኖሯል።

2. መጠጫው። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ገዛሁ፤ ያ ሞልተው የሚገለብጡት፣ ከሥሩ ሳህን ያለው። ሻጩ «አንዴ ሞልተህ ሳምንቱን ሙሉ ትረሳዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ረሳሁት። ይህ መጠጫ ውሃውን የሚይዘው ከላይ አየር ስለማይገባው ነው። ከተሰነጠቀ ወይም ዘመም ካለ ቀስ እያለ ይፈሳል። የእኔ ዶሮ ቤት ወለል ዘመም ያለ ነበር።

ጉዝጓዙ ላዩ ደረቅ ነው። ሥሩ ግን በስብሷል። ስገባ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ከበሰበሰ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ መሆኑን የነገረኝ የለም። ከዚያ ቄቦቹ ክንፋቸውን ጥለው መኮራመት ጀመሩ፣ ኩሳቸው ደም ቀላቀለ። የመጀመሪያዋ ስትሞት በፌስታል ይዣት እንስሳት ክሊኒክ ሮጥኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ለአንዲት ዶሮ ነው እንዴ?» አለች። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ሁለት ሰዓት አስቀምጠውኝ «ነገ ና» አሉኝ። እስከ ነገ 3 ሞቱብኝ። ኮክሲዲዮሲስ ነበር፤ እርጥብ ጉዝጓዝ የሚመቸው በሽታ። ሐኪሙስ ጨዋ ሰው ነው፣ መድኃኒቱን ሰጥቶ አስረድቶኛል። የጸሐፊዋ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ኒፕል ግዢ፤ ዶሮዋ በምንቃሯ ስትነካው ብቻ ውሃ ጠብ የሚያደርግ ትንሽ ጫፍ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ሥሩን በስተሽ 2 ወይም 3 ትገጥሚና ትሰቅይዋለሽ። ቀዳዳውን ከኒፕሉ መጠምዘዣ ጥርስ ትንሽ ጠበብ አድርጊው፣ አለዚያ ያንጠባጥባል። ከፍታው አንገታቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የሚደርሱበት ይሁን። እስኪለምዱት አሮጌውን መጠጫ አታንሺ። የእኔ ቄቦች በመጀመሪያው ቀን እንደ ጉድ ሲያዩት ነው የዋሉት። በጣቴ እየነካሁ ጠብታውን ሳሳያቸው አንዷ ቀመሰች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ባልዲው የራሴ ሥራ ነው፤ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ጉዝጓዜ ረጥቦ አያውቅም።

3. የቆርቆሮ መጠጫ ካለሽ ውሃው ውስጥ አቼቶ እንዳትጨምሪ። አሲዱ ቆርቆሮው የተለበጠበትን ዚንክ ያሟሟዋል፤ ዚንኩ ደግሞ ይመርዛቸዋል።

4. መመገቢያው ሁለት ይሁን፣ አራርቀሽ። ከ12ቱ መሃል አንዷ አለቃ መሆኗ አይቀርም፤ አንዱን ስትጠብቅ ደካሞቹ ከሌላው ይበላሉ።

ያ 20 ሊትሩ? ጎመን ማጠጫ አድርጌዋለሁ። የባልዲውን ፎቶ ከፈለግሽ ንገሪኝ፣ ነገ ሳጥበው አነሳልሻለሁ።