የእንጨት ቤት የሚበሰብሰው ከእግሩ ነው

ወንድሜ፣ «ቋሚውም ማገሩም እንጨት የሆነ ቤት ልጀምር ነው፤ ስንት ዓመት ይቆያል? እርጥበቱንና ምስጡንስ ምን ላድርገው?» ብለህ ለጠየቅከው የደረሰብኝን ልንገርህ። እንጨት አይቆይም የሚሉህን አትስማ። ጃፓን ያለው የሆርዩጂ ቤተ መቅደስ እንጨት ነው፤ ከ1300 ዓመት በላይ ቆሟል። የእኔ ቤት ግን በ6 ዓመቱ እግሩን ታመመ። ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም።

1. መለኪያ ግዛ። እንጨት ውኃ ስለነካው ብቻ አይበሰብስም፤ ረጥቦ ሳይደርቅ ሲከርም ነው ችግሩ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አብስባሹ ፈንገስ ሥራ አያገኝም። መለኪያው ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። ሻጩ «ደረቅ ነው» ሲልህ ዝም ብለህ ሰካው። እኔ ስሰካው 34 አለ፤ ሰውዬው ፊቱን ሳያዞር «መሣሪያህ ተበላሽቷል» አለኝ።

2. የቋሚው እግር። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ቋሚዎቹ መድኃኒት የተነከሩ ነበሩ፤ እዚህ ላይ አናጢው አልዋሸኝም። ግን ሲረዝሙበት ታችኛውን ጫፍ በመጋዝ ቆረጠው። መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚገባው ዳር ዳሩን ነው፤ ስትቆርጠው መሀሉ ያልታከመ እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠ ጫፉ ነው ውኃ የሚጠጣው። የተቆረጠውን ጫፍ እንደገና መቀባት ነበረብን፤ ማናችንም አላሰብነውም። ያንኑ ጫፍ ኮንክሪት ውስጥ ተከልነው። «ዙሪያውን ጥሩ አድርገህ ሙላው፣ አፈር እንዳይነካው» ያልኩት እኔው ነኝ። ሲሚንቶ ይጠብቀዋል ብዬ! እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በእሱና በኮንክሪቱ መሀል ክፍተት ይፈጠራል፣ ዝናብ በዚያ ይወርዳል። መውጫ የለውም። ቋሚዬን ባልዲ ውስጥ አቁሜው ኖሯል።

አንድ ቀን ቁም ሳጥን ሳንቀሳቅስ ልስኑ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላት የጭቃ መስመር ወደ ላይ ስትወጣ አየሁ። በጥፍሬ ፋቅኋት። ነጫጭ ምስጦች ተተራመሱ። ቋሚውን አንኳኳሁት፤ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ቀለሙ እኮ ያብረቀርቃል! ካቻቢቴ አስደግፌ ትንሽ ገፋ ሳደርገው እስከ እጀታው ገባ።

ኢንሹራንስ ስላለኝ ልቤን ሞልቼ ሄድኩ። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝም። «ምስጥና ብስባሽ አይመለከተንም፣ ውሉን አንብብ» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ቤት ገብቼ አነበብኩት። እውነትም አለ፤ ምስጥ በምታክል ፊደል ተጽፏል። አንተም ከመፈረምህ በፊት አንብብ። ግን እንደዚያ መናገር ምን ይባላል?

እኔም እልህ ያዘኝ። ጣሪያውን በክሪክ እየደገፍኩ 11 ቋሚ አንድ በአንድ ከሥር ቆረጥኩ። በብረት እግር ላይ አቆምኳቸው፤ እንጨቱ አሁን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ውኃው ሥሩ አይተኛም። ምስጥ ብትመጣም የጭቃ መንገዷን ብረቱ ላይ በገሃድ ነው የምትሠራው፤ አያታለሁ። ያ አናጢ ኋላ መጥቶ አይቶት «ማን ሠራልህ?» አለኝ። መልሱን እንደምትገምት አውቃለሁ።

3. የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባ የሚሉህ አይጠፉም። ቀብቼ ነበር። ላዩን አጠቆረው፣ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ፣ ምስጧ ግን በውስጥ በኩል ሥራዋን ቀጠለች። ቦራክስ የሚባለው ነጭ ዱቄት የተሻለ ነው፤ ግን በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ ታጥቦ ይሄዳል። ለውስጡ እንጨት አድርገው።

4. 4ኛው ምን ነበር… አዎ፣ አፈሩ። ባለቤቴ ግድግዳው ሥር አበባ ተክላ፣ በየጊዜው አፈር ስትጨምርበት ልስኑን አልፎ እንጨቱ ድረስ ደርሷል። ለምስጥ መሰላል አቆምንላት። (ይህንን እሷ ፊት አላነሳም።) አፈሩ ከግድግዳው እየራቀ ዝቅ ይበል፣ አሸንዳውም ውኃውን ራቅ አድርጎ ይጣል። ክፈፉን ደግሞ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብለህ አታሳጥረው። እኔ አሳጥሬ ግድግዳው በየዝናቡ ሲታጠብ ኖሯል።

እንጨቱ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ ግን ምስጥ አይደለችም፣ ነቀዝ ነው። መድኃኒቱን ሳትለይ እንዳትገዛ።

ኮንክሪቱን ገና ካላፈሰስክ የአንዱን ቋሚ እግር ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ። ካፈሰስክም ለጥፍ። ክሪኩ አሁንም እኔ ጋ አለ።