አታማስሉት፣ ቁረጡት

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት በአሜሪካ በሆቴል ወጥ ቤቶች ሠርቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩትም የጃፓን ምግብ በሚሰናዳበት ክፍል ነው። ብቻችሁን ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወጣቶች ሱሺ የሚባለው የጃፓን የሩዝ ምግብ በቤት ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ስትጠይቁኝ፣ የሚያስፈራችሁ ሩዙን በባሕር አረም መጠቅለሉ እንደሆነ አያለሁ። መጠቅለሉን ተዉት። ጃፓናውያን በቤታቸው ለበዓል የሚሠሩት ቺራሺ የተባለው ሱሺ አይጠቀለልም። ስሙ «የተበተነ» እንደማለት ነው፤ ሩዙ በጎድጓዳ ሳህን ይደረግና ሌላው ሁሉ ከላይ ይበተንበታል። በፈረንጆቹ ማርች 3 በሚከበረው የሴት ልጆች በዓል ማዕድ ላይ የሚቀርበው ይኸው ነው።

በጃፓኗ ኦካያማ ደግሞ እንዲህ ይባላል፦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአገሩ ገዥ ኢኬዳ ሚትሱማሳ ሕዝቡ ቁጠባ እንዲለምድ ከሾርባ ሌላ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ እንዲቀርብ አዘዘ። ሰዉ ዓሣውንም አትክልቱንም ከሩዙ ጋር ቀላቀለና አንድ ምግብ አደረገው። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ መጠቅለል ላቃተው ሰው የተተወ ነገር አድርጋችሁ ቺራሺን እንዳትንቁት።

ሱሺ የሚለው ስም የመጣው ከጎምዛዛነት ነው እንጂ ከዓሣ አይደለም። ዋናው አቼቶ የገባበት ሩዝ ነውና ድካማችሁ እዚያ ላይ ይዋል። ባስማቲ አይያያዝም፤ ፍሬው አጭርና ድቡልቡል የሆነውን የጃፓን ሩዝ ግዙ። ሁለት ኩባያ ሩዝ ውኃው እስኪጠራ እጠቡ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉና አጥልሉ፤ ከዚያ ሁለት ኩባያ ከትንሽ ውኃ ጋር ጥዱት። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ሳትነኩ 12 ደቂቃ ያህል አብስሉት፤ ካወረዳችሁት በኋላም 10 ደቂቃ እንደተከደነ ይቆይ። አራት የሾርባ ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ሩዙ ገና ትኩስ ሳለ አፍስሱበት።

አሁን የሚፈተነው እጃችሁ ነው። ገንፎ ሲገነፋ እያየን ስላደግን ማማሰያ ስንይዝ እጃችን ይዞራል። እኔን ያስተማረኝ ጃፓናዊ ሽማግሌ ግን ለወራት ከዚህ አንድ ቃል አልወጣም፦ ቁረጠው። የእንጨት ጭልፋውን በጎኑ አስገብታችሁ ሩዙን እየቆረጣችሁ ገልብጡት፤ ካማሰላችሁት ፍሬው ይፈርሳል። በሌላው እጃችሁ አራግቡት፤ የከሰሉ ማርገብገቢያ ይበቃል። እርጥበቱ ሲወጣለት ፍሬው ያበራል፣ ለብ ሲል ለምግብ ይደርሳል።

ስለ ዓሣ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ጥሬ ሥጋ የለመድን ሕዝብ ስለሆንን ያለ ልክ እንደፍራለን። ዓሣው ዛሬ ተጠመደ ማለት በጥሬው ይበላል ማለት አይደለም፤ ጥገኛ ትሎች በትኩስ ዓሣ ውስጥም ይኖራሉ፣ በሎሚም ሆነ በአቼቶ ይሞታሉ ብላችሁ አትተማመኑ። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያ መሠረት እነሱን ለመግደል ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች ለ7 ቀናት መቆየት አለበት፤ የቤት ፍሪዘር (በረዶ ማድረጊያ) ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው። ባክቴሪያን ግን በረዶም አይገድልም። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ በጥሬው ከቶ አትሞክሩ።

ያለ ጥሬ ዓሣም ሳህኑ ሙሉ ነው። የተቀቀለ ሽሪምፕ፣ የቆርቆሮ ቱና፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተጠብሶ እንደ ክር የተከተፈ እንቁላል፣ ኪያር፣ አቮካዶ፣ የተቆላ ሰሊጥ፣ ኖሪ የሚባለው የባሕር አረም በእጅ ተቆራርሶ። ለጾም ደግሞ የደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ዘፍዝፉና ከካሮት ጋር በሶያ ሶስና በጥቂት ስኳር አንተክትኩት። ይህ እንጉዳይ በጃፓንም የቺራሺ የቆየ ወዳጅ ነው፤ እኔ ከዓሣው አስበልጠዋለሁ።

ሩዙን በሠራችሁበት ቀን ጨርሱት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ ይደርቃል፤ ስለዚህ ከሁለት ኩባያ በላይ ከመጣዳችሁ በፊት ጎረቤት ጥሩ።