ወንበሩ ሞልቷል፣ ብሩ የታለ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከባህር ዳር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሂሳቧን ቁጭ አድርጋ ስለላከችልን መልሱ ረዘም ብሏል፣ ታገሱን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጣና ዳር ትንሽዬ አሳ ቤት አለችኝ። ሰው አይጠፋም፣ ቅዳሜና እሁድማ ወንበር አጥተው ቆመው የሚጠብቁ አሉ። ግን ወር ሲያልቅ ኪራዩንና የልጆቹን ደሞዝ ከፍዬ ለኔ የሚተርፍ የለም፣ አንዳንዴ እንደውም ከእቁቤ አውጥቼ ነው የምሞላው። ቆረሶ የሚባለውን አሳ ኪሎውን በ200 ብር እገዛለሁ፣ ሩብ ኪሎ ፊሌቶ (አጥንት የሌለው ስጋውን) ጠብሼ በ220 እሸጣለሁ። ሩብ ኪሎው 50 ብር ነው፣ እንጀራ ዘይት ከሰል ሰላጣ ምናምን ብዬ 60 ብር ብጨምርበት ከአንድ ሰሀን 110 ብር አተርፋለሁ ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ የት ነው የሚገባው? ጎረቤቶቼ ልጆቹ እየሰረቁሽ ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን እነሱን መጠርጠር ከበደኝ።

መልስ፦ እህቴ ልጆቹን ለጊዜው ተያቸው፣ ብርሽን የበላው እዚሁ የጻፍሽልን ሂሳብ ውስጥ ነው ያለው። አንቺ በ200 ብር የምትገዢው እኮ ሙሉ አሳ ነው፣ ከነጭንቅላቱ ከነአጥንቱ ከነሆድቃው፣ የምትሸጪው ግን ስጋውን ብቻ። ቆረሶ ፊሌቶ ሲወጣለት ከክብደቱ አንድ ሶስተኛ ገደማ ነው የሚቀረው፣ እጁ የፈጠነ ሰው ቢላውን ቢይዘውም ከዛ ብዙ አያልፍም። እንግዲህ 10 ኪሎ በ2000 ብር ገዝተሽ እጅሽ ላይ የሚቀረው 3 ኪሎ ከምናምን ነው፣ የፊሌቶው ኪሎ 600 ብር ወጣብሽ ማለት ነው፣ ሩቡ 150። 60ዋን ስትጨምሪ 210። በ220 ስትሸጪ የቀረችሽ 10 ብር ናት፣ ኪራይም መብራትም ደሞዝም ከሷ ላይ ነው የሚወጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ደስ ይላል ግን በዚህ ዋጋ መቶ ሰሀን ብትሸጪ 1000 ብር ነው።

ማመን ካቃተሽ ነገ ጠዋት አሳው እንደገባ ሚዛን ላይ አድርጊው፣ ፊሌቶው ወጥቶ ሲያልቅ ደግመሽ መዝኚው፣ ሁለቱንም ደብተር ላይ ጻፊ። ሳምንት ያህል እንዲህ አድርጊ፣ ትንንሽ አሳ የገባ ቀን ብክነቱ እንዴት እንደሚብስ ራስሽ ታይዋለሽ፣ ከዛ በኋላ አሳ ስትገዢ ዋጋ ብቻ ሳይሆን መጠኑንም አይተሽ ነው የምትከራከሪው።

አሁን ምን ታደርጊ? ዋጋ መጨመርሽ አይቀርም፣ ግን ከሱ በፊት ምን እንደምትሸጪ እዪ። ሙሉ ጥብስ ላይ የሚጣለው ቅርፊቱና ሆድቃው ብቻ ነው፣ የቀረውን ደንበኛው ራሱ ከአጥንቱ እየለየ ይበላል፣ ለሱም ከበድ ያለ ሳህን ይቀርብለታል ላንቺም ይሻልሻል። ፊሌቶውን አታጥፊው ግን ዋጋው ከሙሉ ጥብሱ በደንብ ከፍ ይበል፣ እሾህ አልፈልግም ያለ ሰው ይከፍላል። ደሞ ያ ሁሉ ጭንቅላትና አጥንት የት ነው የሚሄደው? ለድመት ከሆነ ድመቶቹ ካንቺ የተሻለ እያተረፉ ነው። ሾርባ አድርጊው፣ ቃሪያና ሎሚ ያለበት ትኩስ የአሳ ሾርባ ጠዋት ላይ በብርጭቆ ይሸጣል፣ አሳው ቀድሞ ስለተከፈለበት ወጪሽ ከሰልና ቅመም ብቻ ነው። ነጭ አሳን በእሾሁ ምክንያት ለፊሌቶ አታስቢው፣ ደቅቆ ለሚከተፍ ዱለት ግን ይሆናል። (አንድ ነገር ግን፣ ነጭ አሳ ክረምት ላይ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው የሚያፍሱት አሉ፣ ረከሰልኝ ብለሽ ያንን አትግዢ፣ ሳይራባ ተይዞ ካለቀ ከርሞ አንቺም የምትጠብሺው አይኖርሽም።)

የዋጋ ዝርዝርሽን አታሳትሚ፣ በቾክ ሰሌዳ ላይ ጻፊው። የአሳ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ይለዋወጣል፣ የታተመ ሜኑ ያለው ሰው ግን አፍሮ በድሮው ዋጋ ይሸጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ አሳ የሚበላው ጾመኛ ሁሉ ወዳንቺ ይመጣል፣ ፋሲካ ያለፈ ማግስት ደሞ ሁሉም ወደ ስጋው ይሮጣል፣ ስለዚህ በሁዳዴ የገባውን የአመቱ ገቢ አድርገሽ አትቁጠሪው፣ ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ኪራይ ለይተሽ አስቀምጪ።

እቁቡን ግን አሳ ቤቱ ውስጥ አትክተቺ። ለራስሽ የወር ደሞዝ ቁረጪ፣ ትንሽም ብትሆን እንደ ልጆቹ ደሞዝ በቀኗ ውሰጃት፣ ከዛ ውጪ መሳቢያውን አትንኪ። ዘመድ መጥቶ ሲበላም ይጻፍ፣ አይከፈል እንጂ ይጻፍ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ሂሳቡ አሁንም ካልገጠመ ያኔ ስለ ልጆቹ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ሱቅ ከፍቻለሁ። ተማሪውም ጎረቤቱም በዱቤ ይወስዳል፣ እምቢ ማለት አልችልም፣ ልጆቼ ናቸው። ነገር ግን ክረምት ሲመጣ ተማሪው ሳይከፍል ወደ አገሩ ይሄዳል። ዱቤ ጨርሶ ላቁም ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጨርሰው ካቆሙማ ደንበኛው ወደሚቀጥለው ሱቅ ነው የሚሄደው፣ «ዱቤ ዛሬ የለም ነገ ይሞክሩ» የሚለውን ወረቀት ለጥፈው ከስሩ ዱቤ የሚሰጡ ስንቱን እናውቃለን። ግን ሁሉም ተበዳሪ አንድ አይደለም። ደሞዝ የሚበላ ጎረቤት ቤቱ እዚሁ ነው፣ ወር ጠብቆ ይከፍላል፣ ለሱ የዱቤ ጣሪያ ያድርጉለትና ይቀጥሉ፣ የወሩን ሳይዘጋ ግን አዲስ አይጻፍለት። ለተማሪ ከሰኔ በፊት የሚዘጋ ትንሽ ነገር ብቻ፣ እሱም ደብተሩ ላይ ራሱ ይፈርምበት፣ የሱን ፊርማ ማየት ከርስዎ ጭቅጭቅ ይሻላል። የሞባይል ካርድ ግን ለማንም በዱቤ አይስጡ፣ ትርፉ ሳንቲም ነው፣ አንድ ካርድ ሲቀልጥ ስንት ካርድ ሸጠው ነው የሚተኩት።

ደሞ ዱቤ ዋጋው የቆመ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከውጭ የሚገባው እቃ ዋጋ ስንት ነጋዴ እንዳስደነገጠ ያስታውሳሉ፣ ያኔ ዘይት በዱቤ የሰጠ ሰው ብሩ ሙሉውን ቢመለስለትም በዛው ብር ያንኑ ዘይት መተካት አልቻለም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ዋጋው የሚወጣ እቃ፣ ዘይት ስኳር ሳሙና፣ በእጅ በእጅ ይሁን። ልጆቼ ናቸው ላሉት ደግሞ፣ ለልጅ መስጠት ከፈለጉ ስጦታ ነው ብለው ይስጡ፣ ደብተር ላይ ጽፈው መናደዱ ነው የሚከፋው።

ጥያቄ፦ ጁስ ቤት አለኝ፣ ሰው ከፍያለሁ ብሎ የቴሌብር ፎቶ ስልኩ ላይ ያሳየኛል፣ ማታ ሳየው ብሩ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሱን ስልክ አትይ፣ የራስሽን እዪ። ፎቶ ማንም ይሰራል፣ የድሮ ክፍያም ቀኑን ሸፍኖ ማሳየት ቀላል ነው። ከቴሌብር ቁጥር ከ127 መልእክት ስልክሽ ላይ ካልገባ፣ ወይ አካውንትሽን ከፍተሽ ሂሳቡ ካልጨመረ፣ አልተከፈለም በቃ። እኛ የታዘብነው ችግር ግን ሌላ ነው፣ ብዙ ቦታ ክፍያው የሚገባው ባለቤትየዋ ስልክ ላይ ነው፣ እሷ ቤት ናት፣ ካሸሯ ምን አይታ ታረጋግጥ? አሳላፊውስ ምን ይበል? ለቤቱ የራሱ ሲም አውጪና በሱ የነጋዴ አካውንት ክፈቺ፣ ስልኩ ከካሸሩ ጠረጴዛ አይነሳ፣ ቻርጀሩም እዛው ይሁን። ኔትወርክ ተጨናንቆ መልእክቱ ሲዘገይ ደንበኛውን ጁሱን እየጠጣ ጠብቅ በሉት፣ እውነተኛው አይቆጣም።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር የቱሪስት እቃ እሸጥ ነበር፣ ቱሪስቱ ከቀነሰ ወዲህ ኪራዩን አልቻልኩትም። ዘግቼ ወደ ሌላ ስራ ልግባ ብያለሁ፣ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ቆርቆሮውን ስበህ ብቻ እንዳትሄድ። ንግድ ፈቃዱ በስምህ እስካለ ድረስ እየሰራህ እንደሆነ ነው የሚቆጠረው፣ አንተ ሌላ ስራ ላይ ሆነህ የግብር ግምትና ቅጣት ይጠራቀምብሃል፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ሌላ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ነው። መጀመሪያ ገቢዎች ሄደህ የዘጋህበትን ቀን አስታውቅ፣ እስከዛ ቀን ያለውን ግብር ጨርሰህ ክሊራንስ (የግብር እዳ የለበትም የሚል ወረቀት) ውሰድ፣ እሱን ይዘህ ንግድ ቢሮ ፈቃዱን መልስ። ምናልባት ይሻሻላል ብለህ ልታቆየው ካሰብክ ደግሞ ማደሱን እንዳትረሳ፣ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው። የመለስክበትን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገህ ዋናውን ቤት አስቀምጥ፣ ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲጠፋ ማስረጃ አምጣ የምትባለው አንተው ነህ።