የስታንዳርድ ኮከቦች ካታሎግ ከየት ላግኝ ላልከው ወንድሜ

ለመመረቂያ የስፔክትረም (በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረ የኮከብ ብርሃን) ሶፍትዌር እየሠራህ እንደሆነ ጽፈህ፣ ፍላክስ (ከኮከቡ የሚደርሰንን የብርሃን መጠን) ለማስተካከል የሚያገለግሉ ስታንዳርድ ኮከቦችን፣ ማለትም ብርሃናቸው በትክክል ተለክቶ የታወቀ ኮከቦችን ዝርዝር ከየት እንደምታገኝ ጠይቀሃል። እኔም እዚሁ አራት ኪሎ ሆኜ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ፓይተኑን ትችለዋለህ፣ እሱን ልለፈው።

1ኛ. ዝርዝር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተት። ካልስፔክ የሚባለው የስፔስ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ስብስብ በነፃ ይወርዳል። መሠረቶቹ ጂዲ 71፣ ጂዲ 153 እና ጂ191-ቢ2ቢ የተባሉ ሦስት ነጭ ድንክ (ነዳጃቸውን የጨረሱ ትንንሽ) ኮከቦች ናቸው።

2ኛ. ከእያንዳንዱ ኮከብ ስም ጎን ምንጩን፣ የፍላክሱን አሃድ፣ የሞገድ ርዝመቱ የአየር (በአየር ውስጥ ያለው) ይሁን የቫኪዩም (አየር በሌለበት ያለው)፣ ኮኦርዲኔቱ (ሰማይ ላይ ያለበት አድራሻ) የ1950 ይሁን የ2000 ዓመት መነሻ መሆኑን ጻፍ። አንዱ ፋይል ፍላክሱን በኤቢ ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ)፣ ሌላው በኧርግ (የኢነርጂ አሃድ) ይዞ ይመጣልሃል። አሃድ ቢሳሳት ግራፉ ወዲያው ያጋልጥሃል፤ የሚያንገበግበው የሞገድ ርዝመቱ ነው።

መሀል ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ ዝርዝር አለ ተብሎ ሄድኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ማህተሙ አይነበብም ብለው መለሱኝ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ፍላሼን ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና «ስንደውልልህ ና» አለችኝ። የሚደውል ግን አልነበረም። ስንት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት አንድ የኤክሴል ፋይል ነው፤ የኮከብ ስም፣ የሞገድ ርዝመትና ፍላክስ ብቻ። ማን ለካው? መቼ? አንድም ቃል የለም።

ሶፍትዌሩን በዚያ ፋይል ስንሞክር የማስተካከያው ከርቭ (ግራፉ ላይ የሚወጣው መስመር) ሃይድሮጅን አልፋ፣ ማለትም ሃይድሮጅን ቀዩ ብርሃን ላይ የሚተወው መስመር ላይ ሲደርስ በአንድ ጎን ጉብ፣ በሌላው ጎን ጎድጎድ ይላል። አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ኮዱ ነው የተበላሸው አሉ። ኮዱ ደህና ነው ብዬ ሞገትኩ። የሃይድሮጅኑን መስመር ኮከብ በኮከብ አወጣሁት፦ አንዳንዱ ኮከብ ላይ 6562.8 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ)፣ ሌላው ላይ 6564.6። የመጀመሪያው የአየር፣ ሁለተኛው የቫኪዩም ነው። ካልስፔክ በቫኪዩም ነው የሚጽፈው፤ ከመሬት የተለኩ የድሮ ዝርዝሮች ደግሞ በአብዛኛው በአየር። ያን የኤክሴል ፋይል ያዘጋጀው ሰው ሁለቱን ሳይለይ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ለጥፏቸዋል! በፍጥነት ብታሰላው ልዩነቱ በሰከንድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ጥራቱ ዝቅ ባለ ስፔክትሮግራፍ (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመት የሚበትነው መሣሪያ) አይታይህም፤ ጥራት ያለው ስታገኝ ግን የምታስተካክለው ኮከብ ሁሉ ላይ የሌለ መስመር ይተክልብሃል። እኔ ዝርዝሩን ጥዬ ከምንጩ እንደገና ሠራሁት። ካታሎጌን ዛሬም ከኔ በኋላ የመጡ ልጆች ይጠቀሙበታል፤ አንድም ረድፍ ያለ ምንጭ የለበትም።

ከርቩን ስታወጣ የሃይድሮጅን መስመሮችንና 6870 እና 7600 አንግስትሮም አካባቢ ያሉትን የኦክስጅን ባንዶች ከልለህ ዝለላቸው።

3ኛ. የፈረንጅ መመሪያ ሁሉ ቬጋ የተባለችውን ደማቅ ኮከብ ያዝ ይልሃል። ቬጋ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የምትለው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ያኔ እንጦጦ ደመና ለብሷል። ጂዲ 71 ግን በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ከአናታችን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቆ ያልፋል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። 13ኛ ማግኒቲውድ፣ ማለትም ደብዛዛ ስለሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይቸገርበታል፤ እንደዚያ ከሆነ ካልስፔክ ውስጥ ያለችውን ደማቋን ሲሪየስን በጥር ምሽት ያዝ። ደግሞ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆንን የሰሜኑንም የደቡቡንም ዝርዝር አስገባ። ደቡብ ያለው ኤልቲቲ 3218 የተባለ ኮከብ እንኳ 48 ዲግሪ ከፍታ ይደርስልሃል፤ አውሮፓ ያለ ሰው ይህን አያገኝም።

የካልስፔክ ፋይል ሄደር (መግቢያው ላይ ያለው መረጃ) ላይ ግራ ከተጋባህ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።