«ዘካ ያወጣል» ወይስ «ምጽዋት ይሰጣል»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሸዋበር ነው። ለመሥሪያ ቤታችን መጽሔት «ነጋዴው በየዓመቱ ዘካ ያወጣል» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢው «የግዴታ ምጽዋት ይሰጣል» ብሎ ቀየረው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ዘካ ማውጣት» ነው የምትለው። ተሳስታለች?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። አርታኢው ሰዋስው አላበላሸም፤ የሳተው ነገሩን ነው።

ዘካ የሚወጣው ከሀብት ላይ ነው። ባለሀብቱ አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላ ገንዘቡንና የሱቅ ዕቃውን ይቆጥራል። ኒሳብ ከሞላ፣ ማለትም ብዙዎች እንደሚያሰሉት የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰ፣ ከአርባ አንዱን ይለያል። ከ4 ሚሊዮን ብር 100,000 ብር መሆኑ ነው። ቁርኣን በአማኞች ሀብት ውስጥ ለለማኝና ለተነፈገ ሰው የታወቀ ድርሻ እንዳለ ይናገራል። ድርሻው የሌላ ሰው ከሆነ ከራስ ገንዘብ መሃል ይወጣል እንጂ በችሮታ አይቸርም። «አወጣ» ይህን ሁሉ በአንድ ግስ ይዟል።

«ሰጠ» የሚመጣው ተቀባዩ ሲጠቀስ ነው። ዘካ የሚገባቸው ስምንት ዓይነት ሰዎች በሱረቱ ተውባህ አንቀጽ 60 ተዘርዝረዋል፤ ዕዳ የጎበጠው ሰው አንዱ ነው። ስለዚህ «ዘካዬን ረመዳን ላይ አውጥቼ ለባለዕዳው ሰጠሁት» ቢሉ ሁለቱም ግሶች በቦታቸው ናቸው። «ዘካ ከፈለ» የሚልም አለ። አልቃወምም፤ ለእኔ ጆሮ ግን ገቢዎች ደረሰኝ የቆረጠለት ይመስላል።

ምጽዋት በፈቃድ የሚደረግ ነው። ከዘካ ይልቅ የሚቀርበው ለሰደቃ ነው። እሱም ቢሆን እኛ ወሎዎች ጋ ሲደርስ ሰፍቷል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ «ቅዳሜ ሰደቃ አለብን» ካሉዎት ዱዓውም ምግቡም አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ለሞተ ሰው የሚደረግ ነው። «ሰደቃ በላን» ብለው በኩራት ያወራሉ። «ዘካ በላ» ግን እንዳይሉ! ሰውየውን የድሃ ገንዘብ አጉዳይ አደረጉት።

አጻጻፉን በተመለከተ «ዘካ» እና «ዘካት» ሁለቱም ይታያሉ። በዐረብኛ ቃሉ የሚያልቅበት ፊደል ሲያርፉበት ይሰወራል፤ ሲያያዝ «ት» ሆኖ ይሰማል። ሶላትም የሚያልቀው በዚያው ፊደል ነው። አማርኛ የሶላትን «ት» ይዞ የዘካን ጣለ፤ ለምን ብሎ ጠያቂ የለም፣ አፋችን እንዲያ ለምዶታል። እኔ «ዘካ» ብዬ እጽፋለሁ።

የተጣለው «ት» የረመዳን ጾም ሲፈታ በምትወጣው ዘካተል ፊጥር ላይ ተመልሶ ይመጣል። እሷ ሌላ ናት። ሀብት አይቆጠርባትም። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ አንድ ቁና እህል ትወጣለች፤ ቁናው በዐረብኛ ሷዕ የሚባለው መስፈሪያ ነው። የምትደርሰውም ከዒድ ሶላት በፊት ነው። ያው እህል ከሶላት በኋላ ከተሰጠ ስሙ ይቀየራል፤ እንደ ማንኛውም ሰደቃ ይቆጠራል።